ምስክሮቻችሁ ሳያልቁ

በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግላችሁ የተሰናበታችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ይልቁንም ለእኩዮቼ፤ በሱዳን በኩል ወጥተን በስደተኝነት እዚህ አገር ለገባነው፣ ቋንቋው በቅጡ ሳይፈታልን ዩኒፎርም ለለበስነው፣ በ1991 ኩዌት በረሃ ውስጥ ለነበርነው። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በምንኖርበት አገር አቆጣጠር ነው።) ዛሬ ቀብር ላይ የምንገናኝበት ጊዜ ሠርግ ላይ ከምንገናኝበት በልጧል። ስለዚህ ሳላለሳልስ ልናገር። የብዙዎቻችሁ የስንብት ወረቀት ጎደሎ ነው። ታውቁታላችሁ፤ ግን ዝም ብላችኋል። ዝምታው ደግሞ አብሯችሁ አይቀበርም። በሚስቶቻችሁ፣ በባሎቻችሁና በልጆቻችሁ ላይ ይወድቃል።

ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀት አብዛኞቻችን የምናወጣው ባንክ ለቤት ብድር ሲጠይቀን ወይም ለመንግሥት ሥራ ስናመለክት ነው። ዓይናችን የሚሄደው የስንብቱ ዓይነት ወደተጻፈበት ወደ 24ኛው ሣጥን ነው። «በክብር» የሚለውን አይተን ደስ ይለንና ወረቀቱን ወደ ሻንጣው እንመልሰዋለን። 13ኛውን ሣጥን አንብቡት። ያገኛችኋቸው ሜዳዮች፣ ባጆች፣ የዘመቻ ሪባኖችና ለክፍላችሁ የተሰጡ ሽልማቶች መስፈር ያለባቸው እዚያ ነው። በቃል የምታስታውሱትን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉና አንድ በአንድ አስተያዩት።

ጉድለቱ በአብዛኛው በክፋት የመጣ አይደለም። ወረቀቱን የሞላው ጸሐፊ በአንድ ቀን ብዙ ሰው ያሰናብት ነበር፤ የጻፈውም ከፊቱ የነበረውን ፋይል አይቶ ነው። ትእዛዙ ፋይሉ ውስጥ ካልገባ ሜዳዩም ወረቀቱ ላይ አልገባም። እናንተም ወደ ቤት ለመሄድ ቸኩላችሁ ሳታነቡ ፈረማችሁ። ከዚህ ሌላ ማንም ያላጠፋው ጉድለት አለ፤ ሽልማቱ ራሱ የመጣው ከስንብታችሁ በኋላ ነው። ኩዌት የሰጠችውን የነጻነት ሜዳይ የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት የፈቀደው በ1995 ነው። በ1992 ወይም በ1993 በወጣ ሰው ወረቀት ላይ ከየት ይገኛል? ከእኛ በኋላ የዘመቱት ልጆችም ከዚህ አላመለጡም። የአፍጋኒስታንና የኢራቅ ዘመቻ ሜዳዮች የተቋቋሙት በ2004 መጨረሻ ነው። ኮምባት አክሽን ባጅ የሚባለው በ2005 ሲቋቋም ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ጀምሮ የተዋጋውን እንዲመለከት ተደርጓል፤ በመሃል የተሰናበተው ወታደር ግን ማን ይነግረዋል? ለክፍል የሚሰጠው ሽልማትም እንዲሁ ነው። ሻለቃው በውጊያ ለፈጸመው ጀብዱ ትእዛዙ ሲወጣ ወታደሩ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ መንዳት ጀምሯል።

የደቡብ ምዕራብ እስያ አገልግሎት ሜዳይ የተጻፈላችሁ እንኳ ከዋክብቱን ቁጠሩ። ሜዳዩ ከኦገስት 2 ቀን 1990 እስከ ኖቬምበር 30 ቀን 1995 ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ሲሆን፣ ለተሳተፋችሁበት ለእያንዳንዱ ዘመቻ አንድ ትንሽ የነሐስ ኮከብ ሪባኑ ላይ ይገባል። ዘመቻዎቹ ሦስት ናቸው፤ የሳዑዲ ዓረቢያ መከላከል፣ የኩዌት ነጻ መውጣትና መከላከል፣ ከዚያም የተኩስ አቁሙ ጊዜ። ሜዳዩ ሰፍሮ ኮከቡ የቀረበትን ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ።

«በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርግልኛል?» ትሉኛላችሁ። ለሥራ ያልደረሰ ልጅ እንደሌላችሁ፣ ጡረታችሁም እንደተወሰነላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን በጠላት እጅ ለቆሰለ የሚሰጠው ፐርፕል ሃርት ያለው ሰው የቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) ዘንድ ለሕክምና የሚመደብበት ተራ ከፍ ይላል፤ ለፌዴራል ሥራ ሲያመለክትም የ10 ነጥብ ቅድሚያ ያገኛል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳችሁ ነገር ከጦርነቱ የመጣ መሆኑን ስታስረዱ፣ የውጊያ ሽልማት ወረቀታችሁ ላይ መኖሩ የማስረጃውን ሸክም ያቀልላችኋል። ይህን ሁሉ ባትፈልጉት እንኳ አንድ ቀን ራስጌያችሁ ላይ የሚቆም ድንጋይ አለ። መንግሥት በነጻ በሚሰጠው የመቃብር ድንጋይ ላይ ፐርፕል ሃርት የሚለውን ለማስቀረጽ የሚታየው ወረቀት ነው እንጂ የቤተሰብ ትዝታ አይደለም።

አንድ ወዳጃችን ይህ ነው የቀረበት። በ1991 የእግረኛው ጦር ወደ ኩዌት ሲገባ የጠላት ፈንጂ ፍንጣሪ ጎኑን መታው። የሜዳ ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ አሰረለት፤ እሱም «ጓዶቼን ትቼ ወደ ኋላ አልመለስም» ብሎ በዚያው ቀን ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የታከመበትን የሚያሳይ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ አልገባም። ጠባሳውን ስናይ ዝም ይል ነበር፤ እናመልክትልህ ስንለው «ተዉት፣ እኔ አውቀዋለሁ» ይለናል። ሲያርፍ ባለቤቱ ድንጋዩ ላይ እንዲጻፍለት ጠየቀች። ማስረጃ አምጪ ተባለች። የጓድ መሪው ከእሱ ቀድሞ ሞቷል። የሐኪሙን ስም የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። ያችን ሴት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ወረቀት ይዛ ስትሄድ ያየ ሰው «ተዉት» የሚለውን ቃል ዳግም ከአፉ ማውጣት አይችልም። እሱ በሕይወት ሳለ ሁለት ስልክ ደውሎ ሁለት ገጽ ምስክርነት ቢያሰባስብ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰባት።

ዝምታችን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው አድጌያለሁና። አንደኛው ይሉኝታ ነው። ስለ ራስ ማውራት ነውር ነው ተብለን አደግን። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ደርግ ሲገባ በኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ሰዎች ኮሚኒስትን የወጉ ናቸው ተብለው በጥርጣሬ ሲታዩ፣ ሜዳያቸውን የደበቁ እንደነበሩ የማያውቅ የእኛ ዘመን ሰው የለም። መጀመሪያ የዘመተው ሻለቃ የአሜሪካን የፕሬዚዳንት የክፍል ሽልማት ያገኘ ነው፤ በገዛ አገራቸው ግን ይህን ጮክ ብሎ ማውራት አደጋ ነበረው። ከዚያ ያደግን ሰዎች ወረቀት የሚያስይዝ እንጂ የሚያስከብር ነገር አይመስለንም። መንግሥት ስለ እኔ ያነሰ ነገር ቢያውቅ ይሻላል እንላለን። ያ ዘመን አልፏል፤ ያ አገርም ሌላ አገር ነው። እዚህ ስለ እናንተ ያልተጻፈው አይጠብቃችሁም፤ ይጎዳችኋል።

ይሉኝታውንም ቢሆን በደንብ እንመርምረው። አባቶቻችን ከዘመቻ ሲመለሱ ዝም ብለው ቤታቸው አልገቡም። በአለቃቸው ፊት ቆመው ፎከሩ። የት እንደነበሩ፣ ማንን እንደገጠሙ፣ በማን ፊት እንዳደረጉት ተናገሩ፤ ያላደረገውን አደረግሁ የሚል ሰው በጓዶቹ ፊት ያፍር ነበር። የሽልማቱ ለምድና ጎፈር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ የጎደለው መዝገብ እንዲታረም የምታመለክቱለት ቦርድ የሚጠይቃችሁም ይህንኑ ነው፤ ምን አደረግህ፣ የት፣ መቼ፣ ማን አየህ? ስለዚህ ማመልከት ከባህላችን የወጣ ትዕቢት አይደለም። ከባህላችን የወጣው በምስክር ፊት ሳይናገሩ መቅረት ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልግባ፤ መጀመሪያ ሙሉ ፋይላችሁን አስመጡ። ሴንት ሉዊስ ያለው የብሔራዊ ሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ስታንዳርድ ፎርም 180 በሚባለው ወይም በኢንተርኔት ስትጠይቁት ይልክላችኋል። ዲዲ 214 ብቻ አትጠይቁ፤ የሠራተኛ ፋይሉን በሙሉና የሕክምና መዝገቡን ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ሜዳይ ትእዛዝ እዚያው ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይገኛል፤ ወረቀቱ ላይ ሳይገለበጥ ቀርቶ ነው። እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። የነበራችሁበት ጦር ዲዲ 215 የሚባል የማረሚያ ወረቀት ያወጣላችኋል። አሮጌው ዲዲ 214 አይቀየርም፣ አይቀደድም፤ ማረሚያው ከእሱ ጋር አብሮ ይኖራል። ሁለቱን አትለያዩ።

እዚህ ላይ ስለ ሴንት ሉዊሱ እሳት የሚወራውን ላጥራ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የቆረጠበት ነውና። በጁላይ 12 ቀን 1973 በማዕከሉ እሳት ተነስቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ወድሟል። የተቃጠለው ግን ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መጀመሪያ የተሰናበቱ የምድር ጦር ሰዎች ፋይል 80 በመቶ ያህሉ፣ እንዲሁም ከ1947 እስከ 1964 የወጡ የአየር ኃይል ሰዎች ከፊል ፋይል ነው። በ1990ዎቹ የወጣ ሐበሻ «የእኔ ፋይል ተቃጥሏል» ሲለኝ አዝናለሁ። የእናንተ ፋይል አልተቃጠለም። ማንም ቢሮ ይህን ምክንያት ቢሰጣችሁ ቀኑን ጠቅሳችሁ በትህትና መልሱለት፣ እንደገናም ጠይቁ።

ፋይሉ ውስጥ ማስረጃው ካልተገኘ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ አይሆንም ካለ፣ ያን ጊዜ ነው ዲዲ 149 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ ለመዝገብ ማረሚያ ቦርድ የምታመለክቱት። ምድር ጦሩ የራሱ ቦርድ አለው፤ ባሕር ኃይሉና ማሪኖች አንድ ላይ አላቸው፤ አየር ኃይሉም የራሱ አለው። ፈራጆቹ ሲቪሎች ናቸው። ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም። ሕጉ ስሕተቱን ካወቃችሁበት ጀምሮ ሦስት ዓመት ይላል፤ ቦርዱ ግን ለፍትሕ ሲል ይህን ገደብ ሊያነሣ ስለሚችል ጊዜው አለፈ ብላችሁ አትተዉት። ለምን እንደዘገያችሁ በእውነት ጻፉ። መልሱ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ቢከለክሏችሁም አዲስ ማስረጃ ካገኛችሁ ድጋሚ እንዲታይላችሁ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ነገር ግን እወቁ። ቦርዱ ሲጀምር መዝገቡ ትክክል ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። ስሕተት መሆኑን የማሳየት ሸክም የእናንተ ነው።

ሸክሙን የሚያነሣው ምስክር ነው። ምስክርነት ሲባል ደግሞ «ጎበዝ ወታደር ነበር፣ ይገባዋል» የሚል ደብዳቤ አይደለም። እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ከልብ የተጻፈ ነው፣ አይረባም። ምስክሩ ማን እንደሆነ፣ ማዕረጉ ምን እንደነበረ፣ በየትኛው ሻምበልና በየትኛው መቶ ውስጥ እንደነበረ ይጻፍ። ቀኑን ካስታወሰ ቀኑን፣ ካላስታወሰ ከየትኛው ውጊያ በፊትና በኋላ እንደሆነ። ራሱ የቆመበትን ቦታ። በዓይኑ ያየውንና ከሰው የሰማውን ለይቶ። ስልኩንና አድራሻውን ጨምሮ፣ ፈርሞ፣ ቀን ጽፎ። በዚያን ጊዜ ለቤተሰብ የላካችሁት ደብዳቤ ቢኖር፣ ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም ሳይቀር ማስረጃ ነው። ከጀርባው ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍም እንዲሁ። እናቱ አዲስ አበባ በሣጥን ያስቀመጠችውን ደብዳቤ ያስመጣ ሰው አውቃለሁ፤ ከማንም ቢሮ ወረቀት በላይ ረድቶታል።

ማንም ጨርሶ ሳያቀርበው ለቀረ የጀግንነት ሽልማት መንገዱ ሌላ ነው። ሽልማቱን የሚያቀርበው ነገሩን በቅርብ የሚያውቅ ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ የጊዜ ገደቡ ካለፈ ደግሞ የምክር ቤት አባል እንዲታይ የሚጠይቅበት ሕግ አለ። ይህን ለብቻችሁ አትግቡበት፣ የሚያውቅ ሰው ያዙ።

የዘገየ ማረሚያ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉት ጥቁር አሜሪካውያን ከፍተኛውን የጀግንነት ሽልማት፣ ሜዳል ኦፍ ኦነርን፣ ያገኘ አንድም አልነበረም። በጃንዋሪ 13 ቀን 1997 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለሰባት ሰዎች ሲሰጡ በሕይወት የነበረው ቨርነን ቤከር ብቻ ነው። ለስድስቱ የተሰጣቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ፓሪስ ዴቪስ የሚባለው ሌላ ጥቁር መኮንን በጁን 1965 ቬትናም ውስጥ ቦንግ ሶን አጠገብ ቆስሎ ሳለ የወደቁ ጓዶቹን ሳያወጣ አልሄድም ብሎ የተዋጋ ሰው ነው። አለቃው ለዚሁ ሽልማት አቀረበው፤ ወረቀቱ ጠፋ። እንደገና ቀረበ፤ እንደገና ጠፋ። በመጨረሻ ጓዶቹና ፈቃደኞች ማስረጃውን ከያለበት ሰብስበው፣ በማርች 3 ቀን 2023 በ83 ዓመቱ ዋይት ሀውስ ገብቶ ተቀበለ። ዴቪስን ለዚያ ቀን ያበቃው ያየውን የሚጽፍ ሰው በሕይወት መኖሩ ነው። እኛ መካከል ማን ነው የጓዶቹን አድራሻ የያዘ?

ከዝምታው የባሰ ሌላ አደጋም አለ። ያልተሰጣችሁን አትጨምሩ። ሪባን በሱቅ ይሸጣል፤ ገዝቶ ደረት ላይ ማድረግ ቀላል ነው። በ2013 የወጣው ሕግ ግን ሐሰተኛ ሽልማት ተናግሮ ገንዘብ ወይም ጥቅም ያገኘ ሰው እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል ይላል። ፐርፕል ሃርት በዚያ ሕግ ከተጠቀሱት አንዱ ነው። ሕጉን ባትፈሩ እንኳ ይህን ፍሩ፤ አንድ ሐበሻ በሐሰት ቢያዝ፣ ነገ በእውነት የሚያመለክተው ሌላው ሐበሻ በጥርጣሬ ይታያል። ለወዳጅ ብላችሁ ያላያችሁትን አትመስክሩ። «እኔ እጨርስላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ደላላም ራቁ፤ ባዶ ፎርም ላይ አትፈርሙ፣ ዋናውን ዲዲ 214 ለማንም አትስጡ። አሜሪካን ሌጅን፣ ቪኤፍደብሊውና ዲኤቪ በነጻ የሚረዱ ሰዎች አሏቸው፤ በብዙ ካውንቲዎችም የቬተራኖች ጉዳይ ሠራተኛ ይገኛል።

በስማችን ላይም ልዩ አደጋ አለ። የመለመለን ሰው አንዳችንን በአባት፣ አንዳችንን በአያት ስም መዘገበ። የስደተኛ ካምፕ ውስጥ በአንድ ሆሄ የተጻፈ ስም ቅጥር ላይ በሌላ ተጻፈ፤ ዜግነት ስንወስድ ፍርድ ቤት ደግሞ ሦስተኛ ሰጠን። የልደት ቀናችን ለብዙዎቻችን ጃንዋሪ 1 ነው፤ ዓመቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተናግረን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የተዛነፈብን አለን። ፋይል ስትጠይቁ ባገለገላችሁበት ስምና በዚያን ጊዜ በተመዘገበው ልደት ጠይቁ። ከስንብት በኋላ የተቀየረን ስም ቦርዱ መዝገቡ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይቀይርም፤ ስለዚህ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ከዲዲ 214 ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። አለዚያ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውና ያገለገለው ሰው አንድ መሆኑን የምታስረዳው ሚስታችሁ ትሆናለች።

ሟች ለሆነ ወታደር ባለቤቱ ወይም ልጁ የሞት ምስክር ወረቀትና የዝምድና ማስረጃ አያይዘው ማመልከት ይችላሉ። አእምሮው ለደከመም ሕጋዊ ወኪሉ ይፈርምለታል። ይህን የምነግራችሁ ባሎቻችሁን ላጣችሁ እህቶቼ ተስፋ እንዳትቆርጡ እንጂ፣ በሕይወት ያለው ሰው ለሌላ እንዲተወው አይደለም።

አብሯችሁ የነበረውን ሰው ዛሬ ማታ ደውሉለት። ስለ ጤናውና ስለ ልጆቹ ጠይቁት፤ ከዚያ ያን ቀን እንዴት እንደሚያስታውሰው ጠይቁት። የእናንተን ትዝታ አትንገሩት፤ በራሱ ቃል፣ በራሱ እጅ ይጻፈው፣ ፈርሞ ይላክላችሁ። ከመዝጋታችሁ በፊትም 13ኛው ሣጥኑ ላይ ምን እንደተጻፈ ጠይቁት፤ የእሱም ጎድሎ ከሆነ ያያችሁትን ጽፋችሁ በዚሁ ሳምንት ላኩለት።